ፈርዖን የቀደመው ትዳር

ካይሮ ውስጥ ነው፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ። ባል ሌሊት ከእንቅልፉ ይባንናል። ሚስቱ አጠገቡ የለችም። ቀና ሲል በጨረቃ ብርሃን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ስትጽፍ ያያታል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ ልቧ ግን እዚያ ያለ አይመስልም። ሲነጋ ወረቀቱን ያነሳዋል። እንግሊዝኛም አይደለም፣ ዓረብኛም አይደለም። የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ፊደል፣ ሂሮግሊፍ ነው፤ ያውም በጥድፊያ የተሞነጨረ።

ይህ የአንድ ሌሊት ነገር አልነበረም። አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ገጹ ተጠራቅሞ ወደ 70 ደረሰ።

ሴትየዋ ዶሮቲ ኢዲ ትባላለች። ኋላ ላይ ዓለም ያወቃት "ኦም ሴቲ" በሚለው ስም ነው። በ1904 ለንደን ተወለደች፣ በ1981 ግብፅ ውስጥ ሞተች (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ3 ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ንጉሥ፣ ቀዳማዊ ሴቲ፣ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ይጎበኘኛል ትል ነበር። ፍቅረኛዬ ነው ትል ነበር።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። ታሪኩን ሰው ሲያወራው ብዙ ጊዜ ገልብጦ ነው። "ባዕድ አገር የገባች ብቸኛ ሚስት፣ ትዳሩ ሲቀዘቅዝባት በሐሳቧ ንጉሥ ፈጠረች" ይባላል። ቀላል ማብራሪያ ነው፣ ቶሎም ይገባል። ግን ዓመቶቹ እሺ አይሉም። በቅደም ተከተል ሲታዩ ሌላ ታሪክ ይወጣቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከደረጃ ላይ በመውደቅ ነው። ዶሮቲ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ቤታቸው ውስጥ ተንከባለለች። ሞታለች ተባለ። በኋላ ግን ነቃች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። "ወደ ቤቴ ውሰዱኝ" ማለት አበዛች። ቤቷ ውስጥ ሆና ነው ይህን የምትለው። ወላጆቿ ብሪቲሽ ሙዚየም ሲወስዷት የግብፅ ክፍል ውስጥ እየሮጠች የሐውልቶቹን እግር ሳመች። የአንድ ቤተ መቅደስ ፎቶ አይታ "ቤቴ ይሄ ነው፣ ግን ዛፎቹ የት አሉ? አትክልቱስ?" አለች። ፎቶው ደቡብ ግብፅ ውስጥ አቢዶስ የሚገኘው የቀዳማዊ ሴቲ ቤተ መቅደስ ነበር።

ልጅቷ አደገች። ግብፃውያንን የሚረግም መዝሙር አልዘምርም ብላ ከትምህርት ቤት ተባረረች። ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ዋሊስ በጅ የተባለው የግብፅ ጥናት ሊቅ አገኛት። ሂሮግሊፍ እንድትማር አበረታታት። ይህን ልብ በሉልኝ። ካይሮ ሌሊት የጻፈችው ጽሑፍ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ፊደሉን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቀዋለች።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። እሷም ሰሴክስ ወደምትኖረው አያቷ እርሻ ተላከች። ጦርነቱ ከ700 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደሮችን በላ። ብዙዎቹ አስከሬናቸው እንኳን ወደ አገሩ አልተመለሰም። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ከሙታን ጋር መነጋገር የዕብድ ሥራ አልነበረም። የፊዚክስ ሊቁ ኦሊቨር ሎጅ ልጁ በ1915 ግንባር ላይ ከሞተበት በኋላ መንፈስ ጠሪዎች ዘንድ ሄዶ ከልጄ ጋር ተነጋግሬያለሁ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ባሏን ያጣች፣ እጮኛዋን ያጣች፣ በየቤቱ መብራት አጥፍታ የምታዳምጥበት ጊዜ ነበር።

ዶሮቲ የመጀመሪያውን ጉብኝት የምታስቀምጠው በዚህ ዘመን ነው። በ15 ዓመቷ ገደማ፣ ሌሊት ስትነቃ አንድ ሙሚ፣ እንዳይበሰብስ ተደርጎ የተገነዘ አስከሬን፣ አጎንብሶ ሲያያት አየች። ፊቱን አወቀችው። የቀዳማዊ ሴቲ ፊት ነው። ይህም የራሱ ምክንያት አለው። የሴቲ አስከሬን በ1881 ግብፅ ውስጥ ደይር ኤል ባህሪ በተባለ ቦታ አካባቢ ተደብቆ የተገኘ ነው። በ1886 ሲገለጥ ፊቱ ሳይበላሽ ተገኘ፤ ዛሬም ከንጉሦቹ አስከሬን ሁሉ ፊቱ ያማረው እሱ ነው ይባላል። ፎቶው በየመጽሐፉ ነበር። መጽሐፍ የምትወድ፣ ሙዚየም የምትውል ልጅ ይህን ፊት አይታው ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ቅዠቱ በዛባት። በእንቅልፏ ትሄዳለች። ቤተሰቦቿ ግራ ተጋቡ። አእምሮ ወደሚታከምበት ቦታ ከአንድ ጊዜ በላይ አስገቧት። ምንም አልተገኘባትም ተብላ ተመለሰች።

እንግዲህ ቆም ብለን ዓመቱን እንይ። ገና 1920ዎቹ ናቸው። ባል የለም። ካይሮ የለም። የቀዘቀዘ ትዳር የለም። ፈርዖኑ ግን መጥቷል።

ባልየው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ዶሮቲ በ27 ዓመቷ ለንደን ውስጥ የግብፅን ጉዳይ ለሚያስተዋውቅ መጽሔት መሥራት ጀመረች። ግብፅ ነፃ እንድትሆን ትጽፋለች፣ ካርቱን ትሥላለች። እዚያ ኢማም አብደል መጂድ ከተባለ ግብፃዊ ተማሪ ጋር ተዋወቀች። እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ በደብዳቤ ተገናኙ። የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ፣ አግቢኝ አላት፣ እሺ አለች። ከመርከቡ ስትወርድ መሬቱን ሳመች። ወደ ቤቴ መጣሁ፣ ከዚህ በኋላ አልሄድም አለች።

ስለ ኢማም ማንም ብዙ አይጽፍም። እኔ ግን አዝንለታለሁ። እሱ ያገባው እንግሊዛዊት ልጅ ነው። ዘመናዊ ኑሮ ይወዳል። ቤተሰቦቹ የተከበሩ፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ናቸው። ምራታቸውን ወደዷት፣ "ቡልቡል" ብለው ስም አወጡላት፤ ዜመኛዋን ወፍ ማለታቸው ነው። እሷ ግን ግብፅ የመጣችው ለእሱ ብቻ አልነበረም። ምናልባትም ለእሱ ብላ አልነበረም። ወንድ ልጅ ሲወለድ "ሴቲ" ተባለ። እስቲ ኢማም ያንን ስም በቀን ስንት ጊዜ እየጠራ እንደኖረ አስቡት።

ቤቱ ውስጥ ነገር መታየት ጀመረ። አማቷ አንድ ቀን "ቡልቡል አልጋ ላይ ፈርዖን ተቀምጧል" እያሉ ደንግጠው ከቤት እንደወጡ ዶሮቲ ትናገር ነበር። የሌሊቱ ጽሑፍም የተጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው። የሚያስጽፈኝ ሆር ራ የተባለ መንፈስ ነው ትላለች። ገጾቹን አንድ ላይ ስታደርጋቸው የአንዲት ሴት ታሪክ ወጣ።

ሴትየዋ ቤንትረሺት ትባላለች። አባቷ ወታደር፣ እናቷ አትክልት ሻጭ ነበሩ። እናቷ ስትሞት ለአቢዶስ ቤተ መቅደስ ተሰጠች። ኢሲስ የተባለችው ሴት አምላክ አገልጋይ ሆና በድንግልና ልትኖር ተሳለች። ከዚያ ንጉሡ ሴቲ ወደ አቢዶስ መጣ። በአትክልቱ ሥፍራ ተገናኙ፣ ተዋደዱ፣ አረገዘች። ሊቀ ካህናቱ አባቱ ማን እንደሆነ እንድትናገር አስገደዳት። ፍርዱ ሞት እንደሆነም ነገራት። የንጉሡ ስም በአደባባይ እንዳይነሳ ብላ ራሷን አጠፋች። ዶሮቲ ያቺ ሴት እኔ ነበርኩ ትላለች። ሴቲም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲፈልጋት ኖሯል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ የሚለንን ማዳመጥ ጥሩ ነው። ቀዝቃዛ ትዳር ውስጥ ያለች ሴት የምታልመው ፍቅር እንዲህ አይመስለኝም። የሚያስደስት ነገር የለበትም። የተጣሰ ስእለት አለ፣ ያልተከፈለ ዕዳ አለ፣ አንዱ ሌላውን ለማዳን የሞተበት በደል አለ። ዶሮቲ ይዛ የኖረችው ፍቅርን ብቻ ሳይሆን ጥፋትንም ነው። የኋላ ሕይወቷ የሚገባኝ በዚህ በኩል ነው።

ትዳሩ አልቆየም። በ1935 ኢማም ኢራቅ የማስተማር ሥራ አግኝቶ ሄደ። እሷ ልጇን ይዛ ቀረች። ተፋቱ። ከጊዜ በኋላ ልጁም ወደ አባቱ ሄደ። እሷ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ያለችው መንደር፣ ናዝለት አል ሳማን ገባች።

ብቸኝነት የሚባለው ነገር በእውነት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ይህ ነው። መጀመሪያ ንጉሡ፣ ቀጥሎ ባል፣ ከዚያ ብቸኝነት። ብቸኝነቷ ንጉሡን አልወለደውም። ንጉሡ ነው ብቸኛ ያደረጋት ብል ወደ እውነቱ የምቀርብ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ቀድሞ የያዘው ቤት ውስጥ ኢማም ቦታ አልነበረውም።

ታዲያ ተሰበረች? አልተሰበረችም። ሥራ ያዘች። በግብፅ የጥንት ቅርሶች መምሪያ ከግብፃዊው የቁፋሮ ሊቅ ከሰሊም ሐሰን ጋር መሥራት ጀመረች። የግድግዳ ጽሑፎችንና ሥዕሎችን እያየች በእጇ ትገለብጣለች፣ እንግሊዝኛውን ታርማለች፣ ማውጫ ታዘጋጃለች። ሰሊም ሐሰን ስለ ጊዛ ቁፋሮ ባሳተመው ሥራ ውስጥ ስሟን ጠርቶ በልዩ ሁኔታ አመስግኗታል። ከእሱ በኋላ ደግሞ ሌሎች ፒራሚዶች ባሉበት በዳህሹር ከሌላው የቁፋሮ ሊቅ ከአሕመድ ፋኽሪ ጋር ሠራች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለፈ፣ የግብፅ ንጉሥ በ1952 ከዙፋን ወረደ፣ እሷ እርሳሷን ይዛ ድንጋይ ፊት ተቀምጣለች። ማታ ማታ ለስፊንክሱ፣ የሰው ራስና የአንበሳ ገላ ላለው የጊዛ ሐውልት፣ መባ ታቀርባለች። የመንደሩ ሰው ያማታል። ግን አይጠላትም፤ የምታምነውን አትደብቅማ። ረመዳን ከሙስሊሞቹ ጋር ትጾማለች፣ ገና ከክርስቲያኖቹ ጋር ታከብራለች።

የሌሊቱ እንግዳም ይመጣል። በዚህ ዘመን እንደ ሙሚ አይደለም የሚመጣው። እንደ ሕያው ሰው ነው። ያወራታል፣ ትጠይቀዋለች፣ የነገራትን ማስታወሻ ላይ ታሰፍራለች። ለሥራ ባልደረቦቿ ግን ይህን ሁሉ አታወራም። ምስጢሩን በዝርዝር ያካፈለችው ከብዙ ዓመት በኋላ ሃኒ አል ዘይኒ ለተባለ ግብፃዊ ወዳጇ ነው። ስለ ሌሊቶቹ የምናውቀው ሁሉ ከእሷው አፍና ከእሷው ደብተር የመጣ መሆኑን አንዘንጋ። ሌላ ምስክር የለም።

1956 መጣ። የዳህሹሩ ሥራ አለቀ። ሁለት ምርጫ ቀረበላት። አንዱ ካይሮ መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ደህና ደመወዝ ያለው። ሌላው አቢዶስ፣ ክፍያው በጣም ትንሽ፣ መንደሩም ሩቅ። ዕድሜዋ 52 ነው። ማርች 3 ቀን ወደ አቢዶስ ባቡር ተሳፈረች።

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ቀጥሎ የሆነው ነው። ሴቲ በውሳኔዋ ተስማማ ትላለች። ነገር ግን ሕግ አለው። የዕጣ ፈንታ መንኮራኩር ዞሯል፣ የፈተና ጊዜ ደርሷል አላት። አቢዶስ ከገባች እንደገና የቤተ መቅደሱ ሰው ናት። ስለዚህ ንጉሡ ይጎበኛታል እንጂ አይነካትም። በንጽሕና ከኖረች የቤንትረሺት የድሮ ጥፋት ይሰረዛል። ከሞት በኋላም በምዕራብ፣ በሙታን አገር፣ አብረው ይሆናሉ።

አስቡት። የምትወደው ሰው ወዳለበት ቦታ ልትሄድ ነው። የሄደችበት ቀን ደግሞ የምትለየው ቀን ነው። ያንን አውቃ ሄደች። ምኞቷን ለማርካት መንፈስ የፈጠረች ሴት ይህን ሕግ ለምን ትፈጥራለች? እኔ መልስ አለኝ ብዬ አምናለሁ። ዕዳውን ለመክፈል ነው። ከፍቅሩ ይልቅ ይቅርታው ይበልጥባት ነበር።

"ኦም ሴቲ" የሚለው ስም የወጣላት አቢዶስ ነው። "የሴቲ እናት" ማለት ነው። የግብፅ ገጠር ሰው እናትን በስሟ አይጠራም፣ በበኩር ልጇ ነው የሚጠራው። መንደርተኛው ልጇን ማለቱ ነበር። የንጉሡን ስም እየጠራላት መሆኑን ያወቀ አልነበረም።

ቤተ መቅደሱን እንደ ቤቷ ያዘችው። ጠዋትና ማታ እየገባች የጥንቱን ጸሎት ትደግማለች። በአማልክቱ በኦሳይረስና በኢሲስ የልደት ቀን ቢራ፣ ወይን፣ ዳቦና ብስኩት ታቀርባለች። ከክፍሎቹ አንዱን ቢሮዋ አደረገችው። አንድ እባብ፣ ኮብራ፣ እየመጣ ትመግበው ነበር፤ ዘበኞቹ ይህን ሲያዩ ይንቀጠቀጡ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፈችው በቁፋሮ የወጡ የተሰባበሩ ድንጋዮችን እየመዘገበችና እየተረጎመች ነው። ሥራዋ ስለ ቤተ መቅደሱ ቤተ መንግሥትና መጋዘኖች በታተመ ጥናት ውስጥ ገብቷል።

ሁለት ታሪኮች ሁልጊዜ ይነሳሉ። አንደኛው የጨለማው ፈተና ነው። ለመኖር ሳትመጣ በፊት አቢዶስን በጎበኘችበት ጊዜ አንድ የመምሪያው ኃላፊ ቤተ መቅደሱ ውስጥ በድቅድቅ ጨለማ አቆማት። ይህ ሥዕል የት ነው፣ ያኛውስ የት ነው እያለ ጠየቃት። ሁሉንም አገኘች። ሥዕሎቹ ያሉበት ቦታ ደግሞ ገና አልታተመም ነበር። ሁለተኛው የአትክልቱ ሥፍራ ነው። በልጅነቷ "ዛፎቹ የት አሉ?" ያለችው ትዝ ይላችኋል። አቢዶስ እየኖረች ሳለ የአትክልቱ ሥፍራ እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ተገኘ።

እኔ ከነዚህ ከሁለቱ በአንዱም ላይ ጉዳዩን አላቆምም። የግብፅ ቤተ መቅደስ አሠራር ሥርዓት አለው፣ አትክልት ሥፍራም የተለመደ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ሥርዓት ያጠናች ሰው በጨለማም ቢሆን ብዙ ነገር ታገኛለች። ቢሆንም ፈተናውን ንቄ አላልፈውም። የእጇን ያህል ያንን ግድግዳ የምታውቅ ሴት እንደነበረች ይመሰክራል።

ሐኪም ነክ ማብራሪያም አለ። አንድ የሥነ አእምሮ ባለሙያ በሦስት ዓመቷ የወደቀችው አወዳደቅ አንጎሏን ጎድቶ ከአካባቢዋ የመነጠል ስሜት ሊፈጥርባት እንደሚችል ገምቷል። ሊሆን ይችላል። ጠባይዋ የተለወጠው ከውድቀቱ በኋላ ነው፣ ይህ ከዓመቶቹ ጋር ይስማማል። ግን የተጎዳ አንጎል ለምን ቤት እንደናፈቀ ሊነግረን ይችል ይሆናል እንጂ ለምን ያንን ቤት እንደመረጠ አይነግረንም። ለዚያ ሙዚየሙ ያስፈልጋል፣ መጽሐፉ ያስፈልጋል፣ ሙታን በየቤቱ የሚጠሩበት የጦርነት ማግስት ያስፈልጋል።

ምሁራኑ እንዴት እንዳዩዋት ደግሞ ደስ ይለኛል። ክላውስ ቤር የተባለው የግብፅ ጥናት ሊቅ ራእይ ታያለች፣ የጥንት አማልክት ታመልካለች፣ ነገር ግን የምርምርን ሥርዓት ጠንቅቃ ታውቃለች ሲል መስክሯል። ሌላው ሊቅ ኬኔት ኪችን ደግሞ እውነተኛ የራምሴስ ዘመን፣ ማለትም የሴቲና የልጁ ዘመን፣ ሰው ብሏታል። ሌሊት የሰማችውን ቀን ሥራዋ ውስጥ አታስገባም ነበር። ይህን ድንበር መጠበቅ ቀላል አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ጠበቀችው።

በ60 ዓመቷ ጡረታ ውጪ ተባለች። ካይሮ ሥራ ፈልጊ አሏት። ሄደች፣ አንድ ቀን አድራ ተመለሰች። መምሪያው አዝኖ እስከ 1969 አቆያት። ከዚያ በወር 30 ዶላር ገደማ በሚሆን ጡረታና ጥልፍ ጠልፋ ለቱሪስት በመሸጥ ኖረች። በ1972 ልቧን ታመመች። ቤቷን ሸጣ የሸምበቆ ጎጆ ውስጥ ገባች። በኋላ የቀድሞው የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ልጅ ከቤተሰቡ ቤት አጠገብ የጭቃ ቤት ሠራላት። አዲሱ ቤት በገባች ጊዜ ሴቲ መጥቶ ቤቱን እንደባረከላት ጽፋለች።

ሃያ አምስት ዓመት አቢዶስ ኖረች። በደብተሯ መሠረት ሕጉን አልጣሰችም።

መቃብሯንም ራሷ አዘጋጀች። ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም ጣዖት አምላኪ በእኛ መቃብር አትቀበርም እንደሚሉ ታውቃለች። ስለዚህ ግቢዋ ውስጥ መሬት አስቆፍራ፣ እንደ ጥንቶቹ ነፍስ የምትወጣበትና የምትገባበት የውሸት በር አሠራችበት። ኤፕሪል 21 ቀን 1981 ስትሞት የአካባቢው የጤና ባለሥልጣናት እዚያ መቅበር ክልክል ነው አሉ።

ከኮፕቶች መካነ መቃብር ውጪ፣ አሸዋው ላይ ቀበሯት። ምልክት አልተደረገበትም። ፊቷን ግን ወደ ምዕራብ አዞሩላት።